ጎንደርን በጆሮ፦ የከተማ ድምፅና ጫጫታ እንዴት ይጠናል?

ጎንደር ውስጥ ሰዓት ለማወቅ ስልክ ማውጣት ግድ አይደለም። እሑድ ሌሊት ከየደብሩ ማኅሌት ይሰማል። ጎህ ሳይቀድ አዛን ይወጣል። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ባጃጅ ዳገቱን እያጓራ ያልፋል። ከዚያ በር ይከፈታል፣ ሙቀጫ ይወቀጣል፣ የቆሎ ተማሪው ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ሁለት ሰዓት ላይ ግን «አዘዞ! አዘዞ! አዘዞ!» የሚለው ረዳት ሁሉንም ይውጠዋል።

ይህን ሁሉ እየሰማን ነው ያደግነው። መስማትና ማዳመጥ ግን ለየቅል ናቸው። የከተማ ድምፅን የሚያጠኑ አንትሮፖሎጂስቶች (የሰውን ኑሮና ባህል የሚመረምሩ ባለሙያዎች) ሥራቸው ማዳመጡ ላይ ነው። መሐንዲስ ቢሆን «ስንት ዴሲቤል ነው?» ብሎ የድምፁን ልክ ይጠይቃል። እነሱ የሚጠይቁት ሌላ ነው። ይህ ድምፅ ለማን ምን ይለዋል? ጫጫታ ያለው ማን ነው? ድምቀት ያለውስ? ያው አንድ ሞንታርቦ ለአንዱ በረከት ነው፤ በግድግዳ ማዶ ላለችው አራስ ደግሞ ፈተና ነው። ጫጫታ ማለት ድምፁ ብቻ አይደለም። ሰሚውም፣ ሰዓቱም አሉበት።

እኔ ሰፈሬን እንዲህ ማዳመጥ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። ብዙ ወጪ የለውም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልክና ትዕግሥት ይበቃል። አሠራሩ እነሆ።

1. ትንሽ ቦታ ያዙ

«የጎንደር ድምፅ» ብላችሁ አትነሡ። ከተማው ሰፊ ነው፣ ያደክማችኋል። አንድ ጥግ ያዙ። ፒያሳ ጣሊያን የሠራው ፖስታ ቤት አካባቢ፣ የቅዳሜ ገበያ አንዱ መግቢያ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ወይም የራሳችሁ ግቢ። የራሳችሁን ግቢ አትናቁት። እዚያ ማን እንደሳለ፣ የማን በር እንደተንጓጓ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቦታውን ስትመርጡ ታሪኩንም ጠይቁ። የዛሬው ድምፅ ብዙ ጊዜ የድሮ ውሳኔ ውጤት ነው። ጎንደርን ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሯት በኋላ፣ በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ. የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ያኔ እስላም ቤት የተባለው ሰፈር የዛሬው አዲስ ዓለም ነው። አዛኑ ከየት በኩል ጎልቶ እንደሚመጣ፣ ደወሉ ከየት በኩል እንደሚመጣ ስታስተውሉ ያ ውሳኔ ዛሬም በጆሮ ይሰማል። ድምፁም ግን እዚያው ታጥሮ አልቀረም። ሁለቱም ወንዙን ይሻገራሉ፣ ጎረቤት ያገኛሉ።

2. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያለ ስልክ ተቀመጡ

ስልኩ መቅዳት ሲጀምር ጆሮ ይሰንፋል። «ተቀድቷል፣ በኋላ እሰማዋለሁ» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር ብቻ። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰዓት ላይ ተቀመጡ።

ገጹን በዓምድ ክፈሉት። ሰዓት፣ ድምፁ፣ ከየት መጣ። ከዚያ ድምፆቹን ለመለየት የካናዳው የሙዚቃ ሰው መሬይ ሼፈር ያስለመደው አከፋፈል ይረዳል። ሼፈር አንትሮፖሎጂስት አልነበረም። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር የቫንኩቨርን ድምፅ ሲያጠና ሦስት ነገሮችን ለየ። ሁልጊዜ ከሥር ያለ፣ ልብ የማንለው መደብ ድምፅ አለ፤ ለእኛ የባጃጅ ሞተር ሊሆን ይችላል። ልብ በሉኝ ብሎ የሚጣራ ድምፅ አለ፤ ክላክስ፣ ጥሩንባ፣ የረዳት ጥሪ። ሦስተኛው የዚያ ሰፈር መለያ የሆነው ነው፤ ቢጠፋ ሰፈሩ ሰፈሩን የማይመስልበት። የደብራችሁ ደወል ከሌላው ደብር ደወል ይለያል አይደል? እሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለው። እነሼፈር ወደ ወፍና ወንዝ ድምፅ ያደሉ ነበር፤ የከተማን ሞተር እንደ በሽታ የማየት ነገር ነበረባቸው። በዚህ ብዙ ተተችተዋል። ልክ ነው ትችቱ። ባጃጅ ለነጂው እንጀራ ነው፣ በውድቅት ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት ደግሞ ከዚያ ድምፅ የሚጥም የለም። ሳትሰሙ አትፍረዱ።

አሁን በዓምዶቹ ላይ አራተኛ ጨምሩ፦ ሰሚው ምን አደረገ? ይህን ዓምድ ያስጨመረችኝ አንዲት ማለዳ ናት።

12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ግቢያችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ጎረቤታችን እማማ ቡና ያጥባሉ። ጥሩንባ ተነፋ። እኔም «ጥሩንባ፣ ከላይ በኩል» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል የእማማ እጅ ውኃው ውስጥ ቆሟል።

«ስማ እስቲ!» አሉኝ።

«ሰማሁ እማማ፣ ጥሩንባ ነው።»

«እሱማ ጥሩንባ ነው። የማን እድር ነው?»

ነፊው ጥሩንባውን አውርዶ መናገር ጀመረ። ከሩቅ ስለነበር ቃሉ አይለይም። እማማ ግን በሰውየው ድምፅ ለዩት። «የላይ ሰፈሮቹ ናቸው። እኒያ የታመሙት ሰውዬ እንዳይሆኑ ብቻ!» ቡናውን እንዳለ ትተው ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

ደብተሬ ላይ ያለው «ጥሩንባ» የሚል አንድ ቃል ነው። እሳቸው ጋ ግን አቅጣጫው፣ የነፊው ማንነት፣ የታመመ ጎረቤት፣ የእድር ግዴታና ቀብር ሁሉ አንድ ላይ ነበሩ። ሁለታችንም የሰማነው ያንኑ ድምፅ ነው።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ስቲቨን ፌልድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ቦሳቪ በሚባል ጫካ ውስጥ ከሚኖሩት ካሉሊዎች ዘንድ የገጠመው ይኸው ነው። እሱ ወፎቹን በዓይነት በዓይነት ሊመድብ ይደክማል። ለካሉሊዎች ግን የወፉ ድምፅ የሞቱ ዘመዶቻቸው ድምፅም ነበር። ፌልድ ከዚያ በኋላ ሰው ዓለሙን በድምፅ በኩል የሚያውቅበትን መንገድ «አኩስተሞሎጂ» ብሎ ጠራው። ቃሉን ባትይዙት ምንም አይደል። አራተኛውን ዓምድ ግን አትዝለሉት።

3. ቃላቱን ሰብስቡ

ለእኔ የሥራው ልብ ይህ ነው። አማርኛ ለድምፅ ያለው ቃል ብዛቱ ያስደንቃል፣ እያንዳንዱም ፍርድ አለበት። ኳኳታ ከዕቃ ይመጣል። ሁካታ ከሰው ብዛት ነው። ዋይታ ከለቅሶ፣ ሆታና እልልታ ከደስታ። ጫጫታ ሲባል ግን ተናጋሪው ምንጩን ከመንገሩ በፊት መሰልቸቱን ነግሯችኋል። ይኸው ድምፅ ሰርግ ቤት ሲሆን «ደመቀ» ይባላል። ጸጥ ያለ ሰርግ ማን ይወዳል? «ቀዘቀዘ» ነው የሚባለው።

ዝምታም አንድ ዓይነት አይደለም። «ቤቱ ጸጥ አለ» ያለ ሰው እረፍት አግኝቷል። «መንገዱ ጭር አለ» ያለ ሰው ግን ሥጋት አለበት፤ ሰው መኖር ሲገባው የለም ማለቱ ነው። «ዝም አለ» ደግሞ መናገር የሚችል አካል መናገሩን ሲተው ነው፤ ሬዲዮም ሰውም ዝም ይላል። አንድ ነጋዴ «ዛሬ ገበያው ጭር ብሏል» ሲል ስለ ኪሱ እየነገራችሁ ነው።

ስለዚህ ሰው ስታነጋግሩ «ጫጫታው ይረብሻችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ቃሉን እናንተ አቀበላችሁት፣ መልሱም «አዎ» ነው። እንዲህ ጠይቁ፦

«ትናንት ማታ ከመተኛትዎ በፊት ምን ይሰማ ነበር?»
«ይሄ ድምፅ ድንገት ቢቀር ምን ይጎድልብዎታል?»
«በስንት ሰዓት ላይ ነው የሚከብድዎት?»
«ላሊበሎች እዚህ ደጃፍ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ሲያዜሙ መጨረሻ የሰሙት መቼ ነው?»

የመጨረሻው ጥያቄ ለሽማግሌዎች ነው። ስለጠፋ ድምፅ ስትጠይቁ ሰው ዘና ብሎ ያወራል። የሰጧችሁን ቃል ደግሞ እንዳለ ጻፉ። «ጓ አለ» ካሉ «ከፍተኛ ድምፅ ተሰማ» ብላችሁ አታሰማምሩት። ጓ ነው ያሉት።

4. ፈቃድ

ይህ ከመቅዳት በፊት ይቅደም። ለቀበሌው ምን እንደምትሠሩ ንገሩ። ደብር ከሆነ አለቃውን ወይም ቄሰ ገበዙን፣ መስጊድ ከሆነ ኢማሙን ወይም ሽማግሌዎቹን አስፈቅዱ። ገበያ ውስጥ ቢያንስ አጠገባችሁ ላሉት ነጋዴዎች ተናገሩ። ለቅሶ ቤት ስልክ አውጥታችሁ ሙሾ አትቅዱ፤ ቤተሰቡ ራሱ ካልጠየቃችሁ በቀር። የጸጥታ ኃይሎች ባሉበት አትቅዱ። ተኩስ ከሰማችሁ ስልኩን አጥፍታችሁ ግቡ። ሰው የግል ጨዋታው ተቀድቶ ቢገኝ እዚያው ፊቱ አጥፉት።

5. መቅዳት

ስልክ ይበቃል። የመቅጃ መተግበሪያው «ዌቭ» የሚባለውን ዓይነት ፋይል የሚይዝ ከሆነ እሱን ምረጡ፤ ኤምፒ3 ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ከድምፁ ይቀንሳል። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፣ ጥሪ መሐል ገብቶ እንዳያበላሸው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ እንጨቱ ንዝረቱን ሁሉ ያስተላልፋል። የታጠፈ ጋቢ ወይም ሹራብ ከሥሩ አድርጉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ያለች የኮረብታ ከተማ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማይኩን ሲመታው ሌላ ነገር አይሰማም። ስስ ስፖንጅ ቁራጭ ማይኩ ላይ በላስቲክ ማሰር ብዙ ይረዳል።

አሥር አሥር ደቂቃ ቅዱ። መጀመሪያ ላይ በራሳችሁ ድምፅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ተናገሩ። «ተበላሸ» ብላችሁ መሐል ላይ አታቋርጡ። ውሻ ጮኸ፣ ልጅ መጥቶ «ምን እያደረክ ነው?» አለ፣ ይሁን። እሱም የቦታው ድምፅ ነው።

የሰዓቱን ነገር አደራ። ስልኩ 9፡00 ብሎ የሚመዘግበው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ግማሹን ፋይል በስልኩ፣ ግማሹን በእኛ አቆጣጠር ሰየምኩ። ከወር በኋላ «3፡00 ፒያሳ» የሚል ፋይል ስከፍት ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ መለየት አቃተኝ። አሥራ አንድ ቅጂ ከጥቅም ውጭ ሆነብኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። «ጥር 11፣ ጠዋት 3፡00፣ ፒያሳ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። አምስት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው።

6. መለካት

ስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ አለ። ቁጥሩን እንደ ሚዛን አትመኑት፤ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። በአንድ ስልክ ጠዋትንና ማታን ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል።

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ጉልበት 10 እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ግን እጥፍ ያህል ነው የሚመስለው። አንድ ባጃጅ ቆሞ ሲጮህ ሌላ አቻው ቢጨመር ንባቡ ከፍ የሚለው በ3 ብቻ ነው። በአገራችን የአካባቢ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለንግድ ሰፈር 65 እና 55። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ለድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። ሥራ ቦታ ላይ ደግሞ ባለሙያዎች የሚያስጠነቅቁት 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ከተሰማ ጀምሮ ነው። ወፍጮ ቤት ወይም ብረት ቤት የምታጠኑ ከሆነ ይህን ለሠራተኞቹ ንገሯቸው። እናንተ አዳምጣችሁ ትሄዳላችሁ፤ እነሱ እዚያው ናቸው።

7. ከሰው ጋር ተራመዱ

አንድ የሰፈር ሰው ያዙና ሠላሳ ደቂቃ አብራችሁ ሂዱ። ወሬ የለም፤ ሰውየው የሰማውን ብቻ እየጠራ ይሄዳል። እናንተ ትጽፋላችሁ። ከፖስተኛ ጋር ሂዱ፣ ከሊስትሮ ጋር ሂዱ፣ ከሴት ልጅ ጋር በምሽት ሂዱ። ከኋላዋ የሚሰማ የእግር ኮቴ ለእሷና ለእናንተ አንድ አይደለም። ማየት የተሳነው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ብዙ ታተርፋላችሁ፤ የግንብ አጥር የት እንዳለቀ ከድምፁ ይነግራችኋል።

ከዚያ ካርታ ሥሩ። በ1975 እ.ኤ.አ. የሼፈር ቡድን በአምስት የአውሮፓ መንደሮች ሲዞር ከሠራቸው ነገሮች አንዱ የአንድ ደወል ድምፅ እስከየት እንደሚደርስ መከታተል ነበር። እኛ ጋ ይህ ሥራ በጣም ያምራል። ወረቀት ላይ አንድ ደብር ምልክት አድርጉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሁን፣ ቁስቋም ይሁን። በየአቅጣጫው እየራቃችሁ ሰዎችን ጠይቁ፦ «ከዚህ የየትኛው ደብር ደወል ይሰማል?» መልሱ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ። ነጥቦቹን ስታገናኟቸው የአጥቢያው ወሰን ከሚባለው ጋር የሚገጥምበትም የሚለያይበትም ቦታ ታያላችሁ። (አጥቢያ በአማርኛ ሰበካም ነው፣ የንጋት መባቻም ነው። ደወሉ ደግሞ ለሁለቱም ይደወላል። ካርታውን ስሠራ ይህ ደጋግሞ ወደ ሐሳቤ ይመጣ ነበር።) የደወሉን ከጨረሳችሁ በኋላ የሞንታርቦውን ሥሩ። ሁለቱ ክቦች እኩል አይሆኑም፤ በመሐላቸው ያለው ሰፈር ነው ብዙ የሚያወራችሁ።

ባጃጅ ውስጥም ተሳፈሩ። አንዱ መዝሙር፣ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ የጎንደር ዘፈን ከፍቷል። ቻርልስ ሂርሽካይንድ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ካይሮ ላይ በታክሲና በሱቅ የሚከፈት የስብከት ካሴት ሰዎች ራሳቸውን ለማነጽ እንዴት እንደሚያዳምጡት አጥንቷል። ነጂውን ጠይቁት፦ ለማን ነው የከፈተው? ለተሳፋሪው ነው ለራሱ? መቼ ይቀንሰዋል?

8. የቀን መቁጠሪያውን ተከተሉ

አንድ ሳምንት ሰምቶ ጎንደርን ሰማሁ ማለት አይቻልም። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ነው። ሰርግ የለም። ፋሲካ ሲገባ ድምፁ በአንድ ሌሊት ይመለሳል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጮኻል። ረመዳን ምሽቱን ይቀይረዋል፤ በየዓመቱም 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከሌላ ወቅት ጋር እየተጋጠመ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲይዘው ደግሞ ደወልም ባጃጅም የለም፤ ሰው እንኳ እየጮኸ ነው የሚነጋገረው። ቢያንስ በሁለት ወቅት፣ ከተቻለ በአራት፣ እዚያው ቦታ ተመልሳችሁ ቅዱ።

9. መልሳችሁ አሰሟቸው

ፌልድ የቀዳውን ለካሉሊዎች መልሶ ያሰማ ነበር፤ የቱ ከፍ፣ የቱ ዝቅ ይበል የሚለውንም እነሱ ይነግሩት ነበር። ይህን ሳታደርጉ ጽሑፋችሁን አትጨርሱ። ትንሽ ስፒከር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡና ላይ ክፈቱት፣ ከዚያ ዝም በሉ።

እኔ ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት የቀዳሁትን ይዤ ስሄድ አሳጥሬው ነበር። ወፍጮው የሚሠራበትን ብቻ አስቀርቼ መሐል ላይ ያቆመበትን ቆርጬዋለሁ። አስፈጪዎቹ ሰምተው «መብራት የሄደበት የታለ?» አሉኝ። ሙሉው ስልኬ ላይ ስለነበር ከፈትኩት። ቀበቶው እየከበደ፣ ድምፁ እየወፈረ ወርዶ ወርዶ ቀጥ ሲል ይሰማል። ከዚያ ለካ ቅድም ያልተሰማው ሁሉ አለ፤ የአንዲት እናት ጸሎት፣ የሚያንቀላፋ ሕፃን ትንፋሽ፣ ዱቄት የሚያራግፍ ወንፊት። አንዷ «የእኔ ድምፅ ነው!» ብላ ሳቀች። በመጨረሻ ከሩቅ የልጆች «መጣ! መጣ!» ይሰማል፣ ወፍጮውም ይነሣል። ይህን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። የቆረጥኩትን መልሼ ቀጠልኩት፤ አንድ ቅጂም በፍላሽ አድርጌ ለባለ ወፍጮው ሰጠሁ።